አንድ ጫማ ሁለቴ በማይገኝበት ከተማ፦ የሩጫ ጫማ ብራንድ ስትቀይሩ ምን ታደርጋላችሁ?

የለመድኩት የሩጫ ጫማ ሶሉ አለቀና ሌላ ልገዛ ወጣሁ። ከቀኑ 11 ሰዓት ገደማ ነው። የድሬዳዋ ሙቀት በረድ ብሎ ሱቆች እንደገና የተከፈቱበት ሰዓት። አንድ ባለሱቅ አሮጌውን አገላብጦ አየና «እሱ ከመጣ ቆየ። ይሄን ውሰድ አቦ! ብራንዱ ተለየ እንጂ ያው ነው» አለኝ። ቁጥሩ ያው 43 ነው። ገዛሁት። በሦስተኛው ቀን የደንገጎን ዳገት ወጣሁበት። ከዚያ ሦስት ሳምንት ሙሉ ጠዋት ጠዋት ከአልጋ ስወርድ ግድግዳ እየደገፍኩ ነበር የምራመደው። ባቴ እንጨት ሆኖ ነበር።

ጫማው መጥፎ አልነበረም። እስካሁን አለኝ፣ እወደዋለሁም። ያጠፋሁት እኔ ነኝ። «ያው ነው» ሲሉኝ አምኜ ዳገት ወጣሁ።

ድሬዳዋ ውስጥ የሩጫ ጫማ የሚገዛው እንደመጣ ነው። ታይዋን ገበያ ሄዳችሁ አምና የወሰዳችሁትን ሞዴል በዚያው ቁጥር ብታገኙ ዕድለኞች ናችሁ። ከውጭ የሚልክ ዘመድ ከሌለ በስተቀር ወደድንም ጠላንም ብራንድ እንቀያይራለን። ይህ መመሪያ ለዚያ ነው።

ብራንድ መቀየር በራሱ አይጎዳም። አበበ ቢቂላ እ.ኤ.አ. በ1960 ሮም ላይ በባዶ እግሩ አሸነፈ። በሚቀጥለው ዓመት ጃፓን ሄዶ ማይኒቺ ማራቶንን የሮጠው በኦኒትሱካ ጫማ ነው፤ ኩባንያው ኋላ በ1977 ከሌሎች ጋር ተዋህዶ አሲክስ ተባለ። በ1964 ቶኪዮ ላይ ደግሞ በፑማ ደገመው። ቀነኒሳ በቀለም ለብዙ ዓመታት በናይኪ ሮጦ ወደ ቻይናው አንታ ተሻግሯል። ልዩነቱ፣ ቀነኒሳ ሲሻገር አሰልጣኝና ሐኪም አጠገቡ አሉ። እኛ ያለን የሰፈር ወጌሻና አንድ ማንኪያ ቅቤ ነው። ስለዚህ ቀስ ብንል ይሻላል።

1. አሮጌው ሳይሞት አዲሱን ግዙ

ብዙዎቻችን አዲስ የምንገዛው አሮጌው አፉን ከከፈተ በኋላ ነው። ያኔ ረፍዷል። ለመሸጋገር ሁለቱን ጫማ እያፈራረቁ መሮጥ ያስፈልጋል፤ አሮጌው ከሞተ ምን ታፈራርቃላችሁ?

በተለምዶ አንድ የሩጫ ጫማ ከ500 እስከ 800 ኪሎ ሜትር ይሠራል ይባላል። በሳምንት 30 ኪሎ ሜትር የሚሮጥ ሰው ከአራት እስከ ስድስት ወር ውስጥ እዚያ ይደርሳል። አራተኛው ወር ላይ ማፈላለግ ጀምሩ። አሮጌው ቢያንስ አንድ ወር ይቅረው።

2. አሮጌውን ጫማ አንብቡት

ጠረጴዛ ላይ አስቀምጡትና ከኋላ እዩት። ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ ያዘመመ ነው? ከዚያ ገልብጡት። ተረከዙ በውጭ በኩል ትንሽ መበላቱ የብዙ ሰው ስለሆነ አያሳስብ። የውስጥ ጎኑ ብቻ በጣም ከተበላና ጫማው ወደ ውስጥ ካዘመመ ግን እግራችሁ ወደ ውስጥ ይወድቃል ማለት ነው። ይህን አስታውሱት፣ ስትመርጡ ይጠቅማችኋል።

አውራ ጣት በላይ በኩል ጨርቁን ከበሳው ጫማው አጥሯችሁ ወይም ጣሪያው ዝቅ ብሎባችሁ ነበር። ተረከዝ ውስጥ ያለው ገበር ከተቀደደ ደግሞ ተረከዛችሁ ውስጥ ይንሸራተት ነበር። ያኛው ጫማ ምን እንደጎደለው ከዚህ በላይ የሚነግራችሁ የለም።

3. እግራችሁን ማታ ለኩ

እግር ቀኑን ሙሉ ያብጣል፣ በሙቀት ደግሞ ይብሳል። ጠዋት የተለካ እግር ለድሬ አይሆንም። የእኛ ሱቆች ቀን ዘግተው ማምሻ የሚከፍቱት ለራሳቸው ነው፣ ግን ለሯጭም ጠቅሟል።

ወረቀት መሬት ላይ አድርጋችሁ ከግድግዳ ጋር አስጠጉ። የሩጫ ካልሲ አድርጋችሁ ቁሙበት፣ ተረከዝ ግድግዳ ይንካ። ረጅሙ ጣት የደረሰበት ላይ ምልክት አድርጉ። ረጅሙ ጣት ሁልጊዜ አውራ ጣት አይደለም፤ ሁለተኛው የሚበልጥባቸው ብዙ ናቸው። ሁለቱንም እግር ለኩና ትልቁን ያዙ። በእሱ ላይ አንድ ሴንቲሜትር ያህል ጨምሩ። ይህ ጫማው ውስጥ ልታገኙት የሚገባ ርዝመት ነው፤ ከጫማው መለያ ላይ የምትፈልጉት ቁጥር ግን ሌላ ነው። ወደዚያ ልሂድ።

4. 43ን እርሱት፣ ሴንቲሜትሩን ያዙ

እኛ የምንጠራው የአውሮፓውን ቁጥር ነው፦ 41፣ 42፣ 43። ችግሩ ኩባንያዎቹ እርስ በርሳቸው አይስማሙም። መለያው ላይ 27 ሴንቲሜትር የሚለው የወንድ ጫማ በፑማ 42፣ በናይኪ 42.5፣ በአዲዳስ 42 ከ2/3 ነው። የእንግሊዙ ቁጥር እንኳ ይለያያል፦ ለዚሁ 27 ሴንቲሜትር ናይኪ 8 ሲል አዲዳስ 8.5 ይላል። እንግዲህ «ቁጥሬ 42 ነው» የሚል ሰው የማን 42 እንደሆነ ካልተናገረ ምንም አልተናገረም።

መፍትሔው ቀላል ነው። ጫማው ምላስ ላይ ወይም ጎን ውስጥ ትንሽ መለያ አለ። የአሜሪካ፣ የእንግሊዝ፣ የአውሮፓ ቁጥር ተደርድሮ በመጨረሻ 26.5፣ 27፣ 27.5 ዓይነት ቁጥር ይገኛል። ያ ሴንቲሜትር ነው፤ ቅድም አንድ ሴንቲሜትር ጨምራችሁ ካገኛችሁት የውስጥ ርዝመት ጋር ግን አታምታቱት። አንዳንዱ 270 ብሎ በሚሊ ሜትር ይጽፈዋል። የተመቻችሁ አሮጌ ጫማ ላይ ያለውን አንብቡና ስልካችሁ ላይ መዝግቡ። አዲሱን ስትገዙ ከዚያ ጋር አስተያዩ፣ ከዚያም በእግራችሁ አረጋግጡ። ሴንቲሜትሩ መነሻ እንጂ ፍርድ አይደለም።

ስፋትም አለ። የወንድ መደበኛ ስፋት «ዲ» ነው፤ ሰፊው «ቱ ኢ» ይባላል። የሴት መደበኛው «ቢ» ሲሆን ለሴት «ዲ» ሰፊ ነው። በዚህ ምክንያት እግሯ ሰፋ ያለ ሴት መደበኛ የወንድ ጫማ ብትሞክር አይከፋም። በባዶ እግርና በሸበጥ ያደገ እግር ጣቱ ዘርጋ ያለ ነው። ሲጠበው ቁጥር ከፍ የሚያደርግ ብዙ ነው፤ ያኔ ርዝመቱ ይበዛና ተረከዙ ይለቃል። ጠባብ ሞዴል ከሆነ ሌላ ሞዴል ፈልጉ።

5. ባቴን የበላው፦ ድሮፕ

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ዋናው ነገር ይህ ስለሆነ።

ጫማው ውስጥ ተረከዛችሁ የሚያርፍበት ከጣቶቻችሁ ሥር ካለው ቦታ ምን ያህል ከፍ ይላል? ያ ልዩነት ነው ድሮፕ የሚባለው። በሚሊ ሜትር ይለካል። የናይኪ ፔጋሰስ 10 ሚሊ ሜትር ነው። የሳኮኒ ኪንቫራ 4 ነው። የአልትራ ጫማዎች በአብዛኛው ዜሮ ናቸው፤ ተረከዝና ጣት እኩል ይቆማሉ።

5 ወይም 6 ሚሊ ሜትር ምንም አይመስልም። ግን ለዓመታት ታኮ ጫማ ያደረገች ሴት በአንድ ጊዜ ሸበጥ አድርጋ ቀኑን ሙሉ ስትዞር ማታ ባቷ እንዴት እንደሚጎትታት ጠይቋት። ሩጫ ላይ ያው ነገር በኪሎ ሜትር አንድ ሺህ ጊዜ ያህል ይደጋገማል። ድሮፑ ዝቅ ሲል ተረከዝ በጥልቀት ይወርዳል፤ ባትና ከተረከዝ በላይ ያለው ወፍራም ጅማት የበለጠ ይሠራሉ። ድሮፑ ከፍ ሲል ደግሞ ሸክሙ ወደ ጉልበት ይሄዳል። ከሁለቱ የተሻለ የሚባል የለም። ድሮም ባቱ የሚያስቸግረው ሰው ከፍ ያለውን ይወዳል፣ ጉልበቱ የሚያስቸግረው ዝቅ ያለውን። ጉዳቱ ያለው በድንገት መለወጡ ላይ ነው።

«እኔ ብራንድ አልቀይርም» የምትሉም አላመለጣችሁም። የሆካ ክሊፍተን 9 ድሮፑ 5 ነበር፤ ክሊፍተን 10 ወደ 8 ወጣ። የብሩክስ ጎስት 16 ድሮፑ 12 ነበር፤ ጎስት 17 ላይ 10 ሆነ። ስሙ ያው፣ ጫማው ሌላ።

ድሮፑን እንዴት ታውቃላችሁ? የሞዴሉን ስም ወይም መለያው ላይ ያለውን የሞዴል ቁጥር ስልክ ላይ ፈልጉ። ካልተገኘ አሮጌውንና አዲሱን ጎን ለጎን አቁማችሁ የሶሉን ውፍረት ከተረከዝና ከጣት በኩል በማስመሪያ ለኩ። እግር ውስጥ ሰመጥ ብሎ ስለሚቀመጥ ቁጥሩ ትክክለኛው ድሮፕ አይሆንም፤ የትኛው ከፍ፣ የትኛው ዝቅ እንደሚል ግን ይነግራችኋል።

ሌላው የሶሉ ልስላሴና የውስጥ ጎን ድጋፍ ነው። አሲክስ ካያኖና ብሩክስ አድሬናሊን እግር ወደ ውስጥ እንዳይወድቅ የሚደግፉ ናቸው። አሲክስ ኒምበስና ብሩክስ ጎስት እንዲህ ያለ ድጋፍ የላቸውም። አሮጌው ጫማችሁ ደጋፊ ከነበረና እግራችሁ ከለመደው፣ ደጋፊ ወዳልሆነ ስትሄዱ ይህንንም እንደ አንድ ለውጥ ቁጠሩት። ከፍ ያለና በጣም ለስላሳ ሶል አስፋልት ላይ እንደ ፍራሽ ይመቻል። የደቻቱ ደረቅ ወንዝ ውስጥ በአሸዋና በጠጠር መሃል፣ ወይም ሐረር ጀጎል ውስጥ በድንጋይ ንጣፉ ላይ ግን ቁርጭምጭሚት ያጠማዝዛል። የምትሮጡበትን መሬት አስቡ።

ሶሉ ውስጥ ጠንካራ የካርበን ዝርግ የገባበትን የውድድር ጫማ ለየቀኑ ልምምድ አትግዙ። ዓለም አቀፉ የአትሌቲክስ ማኅበር ለጎዳና ውድድር እስከ 40 ሚሊ ሜትር የሶል ውፍረት ይፈቅዳል፤ እንዲህ ያለ ጫማ ለእሁድ ጠዋት የከዚራ ሰፈር ሩጫ አልተሠራም።

6. ሱቅ ውስጥ

አሮጌውን ጫማና የሩጫ ካልሲያችሁን ይዛችሁ ሂዱ። ባለሱቁ ቢስቅም ይሳቅ።

የውስጥ ንጣፉን አውጡና መሬት ላይ አድርጋችሁ ቁሙበት። ትንሿ ጣት ወይም የእግራችሁ ጎን ከንጣፉ ከወጣ ጫማው ጠባብ ነው። መልሳችሁ ጫማውን አድርጉ፣ ሁለቱንም እግር፣ እሰሩና ቁሙ። ከረጅሙ ጣት ፊት የአውራ ጣት ስፋት ያህል ይቅር። ደንገጎን ለመውጣት ብቻ ሳይሆን ለመውረድም ነው የምትገዙት፤ ቁልቁለት ላይ ጣት ፊት ለፊት ይመታና ጥፍር ይጠቁራል።

ጫማውን እጠፉት። መታጠፍ ያለበት ጣቶች በሚታጠፉበት ነው። መሃሉ ላይ እንደ ካርቶን ከታጠፈ ተዉት። ጠፍጣፋ ነገር ላይ አስቀምጡና ከኋላ እዩ፣ ያዘመመ እንዳይሆን። የሁለቱንም ጫማ ቁጥር አንብቡ፤ ግራው 42 ቀኙ 43 ሆኖ የተገኘበት ጊዜ አለ። አስመስሎ የተሠራውን ለመለየት መለያው ላይ ያለው የሞዴል ቁጥር ከካርቶኑ ጋር አንድ መሆኑን እዩ፣ ስልክ ላይ ስትፈልጉትም ያንኑ ጫማ በዚያው ቀለም ማምጣት አለበት። ኮፒ ጫማ ለመንገድ ይሆናል። ለሩጫ ግን ሶሉ ምን እንደሆነ አታውቁም።

ሳልባጅ አልንቅም፣ ገዝቼም ሮጫለሁ። ግን የሌላ ሰው አረማመድ የቀረጸው ጫማ ነው። ከታች ጥርሱ ያልተበላ፣ የሶሉ ጎን ላይ ድርብርብ መጨማደድ የሌለበት፣ በአውራ ጣት ሲጫኑት ገብቶ የሚመለስ ይሁን። እንደ ድንጋይ ከደረቀ የቱንም ያህል ቢያምር ተዉት።

ከዚያ ባለሱቁን አስፈቅዱና በር ላይ ትንሽ ሩጡ። ሃምሳ ሜትር ይበቃል። «ሲለበስ ይለቃል» የሚለውን አትስሙ። ጨርቁ ትንሽ ይለቅ ይሆናል፣ ርዝመት ግን አይጨምርም።

7. አለማምዱት

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ቀናት ቤት ውስጥና ሱቅ ስትሄዱ አድርጉት።

አንደኛው ሳምንት፦ ሁለት ጊዜ ብቻ፣ 20 ደቂቃ፣ በዝግታ፣ ዳገት በሌለበት። ከንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል ላይ የከዚራ ዛፎች ሥር ያለው አስፋልት ለዚህ ጥሩ ነው። ሌላውን ሩጫ ሁሉ በአሮጌው።

ሁለተኛው ሳምንት፦ ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ፣ እስከ 30 ወይም 40 ደቂቃ። የሽንሌ መንገድ ሜዳማ ስለሆነ ይሆናል።

ሦስተኛውና አራተኛው፦ ግማሽ በግማሽ። ረጅሙን ሩጫ ገና በአሮጌው ሩጡ፤ አራተኛው ሳምንት መጨረሻ ላይ ወደ አዲሱ አምጡት።

ዳገትና ፍጥነት ከአምስተኛው ሳምንት በፊት አይነኩ። የእኔን ባት አስታውሱ።

የድሮፑ ልዩነት ሁለት ሦስት ሚሊ ሜትር ብቻ ከሆነና ልስላሴው ከተቀራረበ ሁሉንም በሁለት ሳምንት መጨረስ ይቻላል። 6 ወይም ከዚያ በላይ ሆኖ ወደ ታች ከሆነ ደግሞ ወደ ሁለት ወር አርዝሙት። በዚያ ጊዜ በሳምንት ሦስት ቀን ደረጃ ጫፍ ላይ በጣት ቆማችሁ ተረከዝ ከፍ ዝቅ አድርጉ፣ 15 ጊዜ፣ ሦስት ዙር፣ ስትወርዱ በዝግታ። አሰልቺ ነው፣ አውቃለሁ። ይሠራል።

ጫማ በምታለማምዱበት ሳምንት ሌላ ነገር አትቀይሩ። ኪሎ ሜትር አትጨምሩ። ቅዳሜና እሁድ ሐረር ወይም ሐሮማያ ሄዳችሁ የምትለማመዱ ከሆነ አሮጌውን ይዛችሁ ሂዱ። ድሬ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ሐረር ወደ 1,900 ትጠጋለች። አየሩም ዳገቱም ሌላ ነው። እግራችሁ ቢያማችሁ ከጫማው ይሁን ከዳገቱ በምን ትለያላችሁ?

8. ሲያማችሁ

ባት መደንደን በመጀመሪያው ሳምንት ይጠበቃል፤ በሁለት ቀን ካለፈ ቀጥሉ። ከተረከዝ በላይ ያለው ጅማት ጠዋት ጠዋት ከያዛችሁ ግን ወደ አሮጌው ተመለሱ። ጉልበት ፊት ለፊት ካመማችሁ ድሮፑ ከፍ ብሎባችሁ ይሆናል። እግራችሁ ውሃ ከቋጠረ አጥብባችሁ ወይም አላልታችሁ አስራችሁ ይሆናል። ከላይ በመጨረሻ ያለችውን ትርፍ ቀዳዳ ተጠቅማችሁ ማሰሪያውን በየጎኑ ትንሽ ዙር ሠርታችሁ የሌላውን ጎን ማሰሪያ በውስጧ አሳልፉ፣ ተረከዝ አይንሸራተትም።

አጥንት ላይ አንድ ቦታ ብቻ፣ በጣት ስትነኩት የሚያም፣ ስትራመዱም የማይለቅ ከሆነ ግን ሩጫ አቁሙና ሐኪም ዘንድ ሂዱ። ወጌሻ እንዳያሸው። የተሰነጠቀ አጥንት መታሸት አይወድም።

9. አሮጌውን ወዲያው አታስወግዱት

ሉክሰምበርግ ውስጥ 264 ሯጮችን ለ22 ሳምንት የተከታተለ ጥናት ከአንድ በላይ ጫማ የሚያፈራርቁት የመጎዳት ዕድላቸው በ39 በመቶ ያነሰ ሆኖ አግኝቶታል። ምክንያቱ ማፈራረቁ ብቻ ነው ለማለት ጥናቱ ብቻውን አይበቃም። ግን እኛ ድሬ ላይ ሌላም ምክንያት አለን፦ በላብ የራሰ ጫማ እስከ ነገ ጠዋት በደንብ አይደርቅም።

ማድረቁን በተመለከተ፣ ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ አታስቀምጡት። የእኛ ፀሐይ ማጣበቂያውን ያላቅቃል፣ የሶሉን ስፖንጅ ቶሎ ያስረጃል። የተዘጋ መኪና ውስጥም ያው ነው። የውስጥ ንጣፉን አውጥታችሁ ውስጡን በጋዜጣ ሙሉትና ነፋስ ያለበት ጥላ ሥር አቁሙት። የደቻቱን አሸዋ ደግሞ ከመልበሳችሁ በፊት አራግፉ።

አንድ ትንሽ ነገር ልጨምር። አዲሱን ጫማ በለበሳችሁበት ቀን የምላሱ ውስጥ በኩል በማርከር ሦስት ነገር ጻፉ፦ ቀኑን፣ ሴንቲሜትሩን፣ ድሮፑን። ከስድስት ወር በኋላ ያው ባለሱቅ ፊት ስትቆሙ ምላሱን ገልበጥ አድርጋችሁ ታሳዩታላችሁ።